ምን ይበላል? ሦስት ዓሦች በአንድ ልብስ



ኢዮብ ለወዳጆቹ ሲመልስ ከአራዊትና ከወፎች፣ ከባሕር ዓሦችም እንኳ ትምህርት እንደሚገኝ ነግሯቸዋል (ኢዮብ 12)። ንጉሥ ሰሎሞንም ከተናገረባቸው ነገሮች መካከል ዓሦች እንደሚገኙ ተጽፎልናል (1ኛ ነገሥት 4)። እኛም ዛሬ ከወትሮው ወጣ ብለን አንድ ትንሽ ዓሣ እንጠይቃለን። የምንጠይቀው በአብያተ ክርስቲያናት ብዙ እንባ ስላስፈሰሰ ጉዳይ ነው። እውነተኛውን አገልጋይ ከአስመሳዩ በምን እንለያለን?

በኤርትራ ባሕር ውስጥ ያለ ከተማ

ዓሣው የሚኖረው በቀይ ባሕር ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን የኤርትራ ባሕር በሚለው። ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራው በዚሁ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤሎት አጠገብ ባለችው በዔጽዮንጋብር ነበር (1ኛ ነገሥት 9)። ዛሬ የእስራኤሏ ኢላትና የዮርዳኖሷ ዓቃባ ጎን ለጎን የሚታዩበት ዳርቻ ነው። ወደ ደቡብ ስንወርድ ደግሞ ከምጽዋ ፊት ለፊት የዳህላክ ደሴቶችን እናገኛለን። በዚህ ሁሉ ርዝመት፣ በባሕሩ ዳርና ዳር ውሃው ብዙ በማይጠልቅበት ስፍራ፣ ኮራል ሪፍ ተዘርግቷል።

ኮራል ሪፍ ሲባል ተራ ድንጋይ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ከተማ ነው። ኮራል የሚባሉት እጅግ ትናንሽ እንስሳት ተጣብቀው እየኖሩ ከኖራ የተሠራ አጽም ያበጃሉ። አሮጌው ሲሞት አዲሱ በላዩ ላይ ይሠራል፤ እንዲህ እያለ በብዙ ዘመን ዓለት ይሆናል። በሰውነታቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለኮራሉ ያካፍሉታል፤ ኮራሉም መጠለያ ይሆናቸዋል። ሪፍ ብርሃን በሚደርስበት ጥርት ባለ ውሃ የሚያድገው ስለዚህ ነው። ኮራል ሪፎች ከዓለም የባሕር ወለል 1 በመቶውን እንኳ አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዓይነቶች ሩብ የሚያህሉት ኑሯቸው ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህን ያህል ፍጥረት በጠባብ ቦታ ሲሰበሰብ መጠጊያም አለ፣ አዳኝም አለ፣ አስመሳይም አለ።

ሦስቱ ዓሦች

የመጀመሪያው ዓሣ በአማርኛ የታወቀ ስም የለውም። የሳይንስ ስሙ ሜያካንተስ ኒግሮሊኒያተስ ነው፤ እኛ ግን ለአነጋገር እንዲመቸን ባለጥቁር መስመሩ እንበለው። ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ፊቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ኋላው ቢጫ ነው። ከዓይኑ የተነሣ ጥቁር መስመር በጎኑ አልፎ ወደ ጅራቱ ይሄዳል። በታችኛው መንጋጋው ሁለት ረጃጅም ክራንቻዎች አሉት። ክራንቻዎቹ እንደ ቦይ የተሰነጠቁ ናቸው፤ በሥራቸውም የመርዝ ዕጢ አለ። ይህ ትንሽ ዓሣ መርዘኛ ነው።

የሚገርመው ግን በመርዙ አያድንም። የሚበላው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትንና ከሪፉ ላይ የሚለቅማቸውን ትናንሽ ፍጥረታት ነው፤ ለእነዚህ ደግሞ መርዝ አያስፈልግም። መርዙ ሥራ ላይ የሚውለው ትልቅ ዓሣ ሲውጠው ነው። በአዳኙ አፍ ውስጥ ሆኖ ይነክሰዋል፤ አዳኙ ይንቀጠቀጣል፣ መንጋጋው ይከፈታል፣ ትንሹም ዓሣ በሰላም ዋኝቶ ይወጣል። በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንዳሳየው የዚህ ወገን ዓሦች መርዝ አያሠቃይም። በአይጦች ላይ ሲሞከር የደም ግፊታቸው ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ቀንሷል፤ የሕመም ምልክት ግን አልታየባቸውም። አዳኙ አይሞትም፤ ይዝላል፣ ይተፋል፣ ትምህርቱንም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያንን መልክ ሲያይ ይሸሻል። አባቶቻችን እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚሉት ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ዓሣ ኤክሴኒየስ ግራቪየሪ ይባላል። መርዝ የለውም። ኑሮው ከዓለት ላይ አልጌ እየፋቀ መብላት ነው። ነገር ግን ግራጫው፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ መስመር ሁሉ የባለጥቁር መስመሩን ይመስላል። አዳኝ ሲያየው ያ የነከሰኝ ነው ብሎ ያልፈዋል። በሌላው ስም ተጠልሎ ይኖራል፤ ማንንም ግን አይጎዳም።

ሦስተኛው ፕላጊዮትሬመስ ታውንሴንዲ ነው። እርሱም ያንኑ ልብስ ለብሷል። ክራንቻ አለው፤ የመርዝ ዕጢ ግን የለውም። ምግቡ የሌሎች ዓሦች አካል ነው። ሌሎቹ ዓሦች ጉዳት የማያደርስባቸውን ባለጥቁር መስመሩን ያዩ መስሏቸው ሳይጠነቀቁ ሲቀርቡት፣ ተወርውሮ ከቆዳቸውና ከቅርፊታቸው ቦጭቆ ይሸሻል። የዚህ ወገን ዓሦች ማረፊያቸው ትል ሠርቶ የተወው ባዶ ቀዳዳ ነው፤ ራሳቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ያደባሉ። ባለጥቁር መስመሩ ግን ከሪፉ ከፍ ብሎ በግልጥ ይዋኛል።

እንግዲህ ሦስት ዓሦች፣ አንድ ልብስ። ልብሳቸውን ብቻ ያየ ይሳሳታል። ጥቂት ቆይቶ የሚበሉትን ያየ ግን አይሳሳትም። አንዱ ጌታ በየዕለቱ በውሃው የሚያመጣለትን ይለቅማል፤ ሁለተኛው ዓለት ይፍቃል፤ ሦስተኛው ከባልንጀራው አካል ይቆርሳል።

አንድ ነገር እናስታውስ። ዓሣው ኃጢአተኛ አይደለም። ሦስተኛውም ቢሆን እንደ ተፈጥሮው ይኖራል፤ አይከሰስም። ሰው ግን ያውቃል፣ ይመርጣል፣ ይጠየቃልም። እኛ ከዓሣው የምንወስደው ፍርድን ሳይሆን ጥያቄን ነው።

የተሳሳተው ጥያቄያችን

አንድ አዲስ አገልጋይ ወደ ከተማ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምንድን ነው? ኃይል አለው ወይ? ትንቢቱ ይደርሳል ወይ? ስም ይጠራል ወይ? አጋንንት ይጮኹለታል ወይ? ይህ ሁሉ ስለ ክራንቻና ስለ ቀለም መጠየቅ ነው። ጌታችን በተራራው ስብከት የበግ ለምድ ስለሚለብሱት ሲያስጠነቅቅ መለያ አድርጎ የሰጠን ፍሬን ነው። ወዲያውም በስሙ ትንቢት የተናገሩ፣ አጋንንት ያወጡና ተአምራት ያደረጉ ብዙዎች በዚያ ቀን እንደማያውቃቸው እንደሚነገራቸው ጨመረልን (ማቴዎስ 7)። ተአምር መለያ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ባልወደቁ ነበር።

የእኛ አቋም ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ አገልጋይ ልትጠይቀው የሚገባት ቀዳሚ ጥያቄ "ምን ይችላል?" ሳይሆን "ምን ይበላል?" የሚለው ነው።

ኤልሳዕንና ግያዝን እናስብ (2ኛ ነገሥት 5)። ንዕማን ከለምጹ ነጽቶ ስጦታ ይዞ በነቢዩ ፊት ቆመ፤ ኤልሳዕ ግን ሊቀበል እንቢ አለ። ግያዝ ከኋላ ሮጠ። የለመነው በራሱ ስም አልነበረም፤ ጌታዬ ላከኝ አለ። ንዕማን ከሠረገላው ወርዶ በአክብሮት የተቀበለው ኤልሳዕን ያየ መስሎት ነው። ግያዝ የኤልሳዕን ልብስ ለብሶ የንዕማንን ብር በላ። ሁለቱ በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ የአንድ ነቢይ ስም የሚጠራባቸው ነበሩ። የለያቸው ምን እንደበሉ ነው።

በኤሊ ልጆች ዘመንም እንዲሁ ነበር። ካህናት ናቸው፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰዋል፣ በመሠዊያው ፊት ያገለግላሉ፤ ሜንጦ ይዘው ግን ሕዝቡ ለእግዚአብሔር ካመጣው ሥጋ ቀድመው ይወስዱ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 2)። ነቢዩ ሕዝቅኤልም የእስራኤልን እረኞች የወቀሰው በጎቹን ማሰማራት ትተው ራሳቸውን በማሰማራታቸው ነው (ሕዝቅኤል 34)።

ሊፈወስ ሄዶ የተነከሰ

ከሦስተኛው ዓሣ የቅርብ ዘመዶች አንዱ ከዚህም የከፋ ማስመሰል ያውቃል። በሪፍ ላይ የሌሎችን ዓሦች ሰውነት የሚያጸዳ ሰማያዊና ጥቁር መስመር ያለው ትንሽ ዓሣ አለ። ትልልቆቹ ዓሦች እርሱ ወዳለበት ስፍራ መጥተው ተራ ይጠብቃሉ፤ አፋቸውንና ስንጥባቸውን ከፍተው ይቆማሉ። እርሱም ተባዩንና የሞተውን ቆዳ እየለቀመ ያጸዳቸዋል። ያ አስመሳይ ግን በልጅነቱ የዚህን አጽጂ ቀለም ይለብሳል። ሊጸዳ የመጣውንም ዓሣ ይነክሰዋል።

ሊጸዳ የመጣ ዓሣ ራሱን አይከላከልም። ይህ ነው ልባችንን የሚነካው። ለጸሎት የመጣም ሰው ራሱን አይከላከልም። ልጇ የታመመባት እናት፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ ትዳሩ የተናጋበት ወንድም አፉን ከፍቶ፣ ምሥጢሩን አፍስሶ ይቆማል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የምታድር እህታችን ሌሊት ከሥራ በኋላ ስልኳን ከፍታ የጸሎት ስርጭት ትከታተላለች። አንዱ ስሟን ይጠራል፤ በቤተሰብሽ ላይ ድግምት አየሁ ይላታል፤ እንዲሰበር ዘር ዝሪ ይላታል። ለእናቷ መድኃኒት የምትልከው ብር ለማታውቀው ሰው ይሄዳል። አልጎዳትም፣ እንዲያውም ደስ ብሏት ልካለች ይሉን ይሆናል። ይህ ግን ምንም ነገር አያጸድቅም። ተስፋ የታከለበት ንክሻ ወዲያው አይሰማም፤ ድካሙ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

ሦስት መልሶች

ይህን ስንል የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛው፣ "ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል" የሚል ነው። እውነት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል እንዲኖሩ ጌታ እንደ ደነገገ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል (1ኛ ቆሮንቶስ 9)። ባለጥቁር መስመሩም ይበላል፤ ሳይበላ የሚኖር ፍጥረት የለም። መጋቢዎቻችንን በረሃብ እየቀጣን ስለ ሐሰተኞች ብናወራ ግብዞች እንሆናለን። ጥያቄያችን ከማን አካል ይበላል ነው። ማኅበሩ ተስማምቶ በግልጥ የቆረጠለትን ነው? ወይስ አንድ ብቸኛ የተጨነቀ ሰው በጓዳ የሚያስረክበውን?

ሁለተኛው፣ እግዚአብሔር የቀባውን ሰው መጠየቅ አይገባም የሚል ነው። የተቀባ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ሳሙኤል ራሱ አሳይቶናል። በእርጅናው በሕዝቡ ሁሉ ፊትና ንጉሡ ባለበት ቆሞ፣ በሬውን ወይም አህያውን የወሰድሁበት፣ ያታለልሁትም ሰው ካለ ይመስክርብኝ አለ (1ኛ ሳሙኤል 12)። ማንም ሳይጠይቀው ምን እንደበላ በአደባባይ መለሰ። ጳውሎስም ከኤፌሶን ሽማግሌዎች ሲሰናበት የማንንም ብርና ወርቅ እንዳልተመኘ፣ እጆቹም ለእርሱና አብረውት ለነበሩት እንደሠሩ ገልጦ ነገራቸው (ሐዋርያት ሥራ 20)። ባዶ ቀዳዳ ውስጥ የሚሸሸግ ብቻ ነው ጥያቄ የሚያስፈራው።

ሦስተኛው፣ "እኛ ማን ነንና እንፈርዳለን?" የሚለው ነው። የሰውን ልብ አንፈርድም፤ እርሱ የጌታ ነው። ዳሩ ግን መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ እንድንመረምር የታዘዝነው እኛው ነን (1ኛ ዮሐንስ 4)። ያለ ምርመራ የሚደረግ ፍቅር መንጋውን ለተኩላ አሳልፎ መስጠት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ቁርበቱን የምናነጥፈው እኛው ነን። ስለዚህ መድረክ ከመስጠታችን በፊት ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ በቀድሞ ማኅበሩ በምን እንደሚታወቅ እንጠይቅ። የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ በአንድ ሰው እጅ አይሁን፤ ሽማግሌዎች ይዩት፣ በየዓመቱ ይመርመር፣ ለአባላትም ይነገር። ትንቢትና ገንዘብ በአንድ ንግግር ውስጥ ከተገናኙ፣ በተለይም በግል ስልክ ከሆነ፣ እዚያው እናቁም። ለተጨነቀ ሰው ስንጸልይለት ከእርሱ ምንም አንቀበል። የተነከሰ ሰው መጥቶ ሲነግረን ደግሞ ዝም በል፣ የጌታን ስም አታሰድብ አንበለው። የጌታን ስም የሚያሰድበው ቁስሉን ያሳየው ሰው አይደለም።

ይህ ሁሉ ለእውነተኞቹ አገልጋዮች ጥበቃ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ በአማዞን ያጠናቸውን ቢራቢሮዎች መሠረት አድርጎ በ1862 ስለ ማስመሰል ከጻፈ ወዲህ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ተረድተዋል። አስመሳዮች ጥቂት ሲሆኑ ማስጠንቀቂያው ልብስ ይሠራል፤ ሲበዙ ግን ይረክሳል፤ የእውነተኛውም ልብስ መከበሩ ይቀራል። በእኛስ መካከል እንዲሁ አልሆነም? በገጠር ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ወንጌላዊ፣ ሌሊት ተነሥታ ለሰው ልጆች የምታለቅስ የጸሎት እናት፣ ነቢይ የሚለው ቃል መቀለጃ በመሆኑ ዋጋ እየከፈሉ ነው። አስመሳዩን የምንታገሠው በእነርሱ ኪሳራ ነው።

ለተነከሳችሁ፣ ለእኛም

ጌታን እየፈለጋችሁ ሳለ በስሙ የተነከሳችሁ ወገኖች፣ ብትሸሹ አንፈርድባችሁም። እባብ ያየ በልጥ ይበርያል። ሆኖም አንድ ነገር አስቡልን። የ300 ብር ኖት አስመስሎ የሚያትም ሰው የለም፤ 300 ብር የሚባል ኖት የለምና። አስመሳይ የሚመስለው ያለውን ነው። ሐሰተኛ እረኛ የበዛው እውነተኛ እረኛ ስላለ ነው። ስለዚህ ልብሱን አትመኑ፤ ቀርባችሁ ጥቂት ቆዩ፤ ምን እንደሚበላ ተመልከቱ። ሳይቸኩል የሚጠብቃችሁ፣ ከእናንተ ምንም ሳይፈልግ የሚያስተምራችሁ ማኅበር ታገኛላችሁ።

በመሐል የቀረ ደግሞ አለ፤ ሁለተኛው ዓሣ። ማንንም አይጎዳም፤ ግን የለበሰው ልብስ የራሱ አይደለም። እኛ ብዙዎቻችን እዚህ ጋ ልንገኝ እንችላለን። የአማኝ ቤተሰብ ልጆች ነን፣ መዝሙሩን እናውቃለን፣ ሰላምታችንም የቅዱሳን ነው፤ በዚህ ስምም ተጠልለናል። በሪፍ ላይ ይህ ይበቃል፤ አዳኙን ያታልላል። በጌታ ፊት ግን አይበቃም፤ እርሱ ከልብስ በታች ያያልና። ዛሬ የንስሐና የእምነት በር ክፍት ነው፤ ከሌላው ስም ጥላ ወጥተን የራሳችን ወደሚሆነው ሕይወት እንግባ።

በመጨረሻ ይህንኑ ጥያቄ ለጌታችን እንጠይቀው፤ እርሱ አይከፋበትም። ምን ይበላል? በምድረ በዳ አርባ ቀን ጾሞ ሲራብ፣ ድንጋዩን እንጀራ የማድረግ ኃይል እያለው ኃይሉን ለራሱ ሆድ አላዋለም (ማቴዎስ 4)። በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ ደቀ መዛሙርቱ ብላ ሲሉት፣ ምግቡ የላከውን ፈቃድ ማድረግ እንደሆነ ነገራቸው (ዮሐንስ 4)። ከበጎቹም አካል አልቆረሰም፤ የራሱን ሥጋ ለዓለም ሕይወት ሰጠ (ዮሐንስ 6)። አስመሳዩ መንጋውን ይበላል፤ መልካሙ እረኛ ግን ለመንጋው እንጀራ ሆነ። አገልጋዮቻችንን ሁሉ፣ ራሳችንንም ጭምር፣ በዚህ እንመዝን።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን። አሜን።